በቾሉላ ዋሻ «ይቅደሙ» ያልኳቸው ሰው

ባለፈው እሑድ ኦክላንድ፣ አፕታውን ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ልንገባ ስንል በዕድሜ የሚበልጡኝ ሽማግሌ በሩ ላይ ደርሰው ነበር። እንደ ወጉ ቆም ብዬ «ይቅደሙ» ማለት ሲገባኝ ቀድሜያቸው ዘው አልኩ። ባለቤቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጓደኞቼ ይህን ጠባዬን ስለሚያውቁ «እሱ እኮ ይሉኝታውን ኤርፖርት ጥሎት ነው የመጣው» እያሉ ይተርቡኛል። ኤርፖርት እንኳ አይደለም። የጣልኩት ሜክሲኮ፣ ከአንድ ፒራሚድ ሆድ ውስጥ ነው።

በእኛ አቆጣጠር የስልሳ ስድስት ክረምት ነበር። አገር ቤት የሹማምንቱ ስም በሬዲዮ እየተጠራ እጃቸውን እንዲሰጡ ይታዘዙ ነበር። እኔ ሳን ሆዜ እየተመላለስኩ ምህንድስና የምማር የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። እዚያው ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር፣ ቤት የምጋራቸው ጋሽ መኩሪያ ግን አርባን ያለፉ፣ መሥሪያ ቤታቸው ለትምህርት የላካቸው የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ። ባለቤታቸውና ሦስት ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። በሰኔ «ባስቸኳይ እንዲመለሱ» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤውን በኮት ኪሳቸው ይዘው መስኮት ሥር ይቀመጣሉ፤ ሾርባቸው ይቀዘቅዛል፤ መልስም አይጽፉም።

አከራያችን የቾሉላ ተወላጅ የሆኑ ሜክሲኳዊት ባልቴት ነበሩ። ወንድማቸው በቫን ወደ ትውልድ መንደራቸው ሊወስዳቸው ሲመጣ፣ «እዚህ ታፍናችሁ ልትሞቱ ነው» ብለው እኛንም ጫኑን።

መንገዱ አራት ቀን ፈጀ። ትተነው የሄድነው የካሊፎርኒያ ሣር በፀሐይ ነዶ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ቾሉላ ግን የኛው ሐምሌ ጠበቀን። ጭቃው፣ ጉሙ፣ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዶፍ ሁሉ ያው ነው። ሴቶች መንገድ ዳር በከሰል በቆሎ ይጠብሳሉ፤ ልዩነቱ ሎሚና በርበሬ መቀባታቸው ነው። ጋሽ መኩሪያ አንድ ራስ በቆሎ ገዝተው እስኪበርድ ድረስ በእጃቸው ይዘውት ቆሙ። በመጨረሻ ለእኔ ሰጡኝ።

ፒራሚዱን ከሩቅ ያየው ተራ ኮረብታ ይለዋል። አፈርና ሣር ለብሶ አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን ተተክሎበታል። ጋሽ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ። የጥንት ሰዎች አንዱን ሕንፃ በሌላው ላይ እያለበሱ መሥራታቸውን ለማወቅ ተመራማሪዎች ከሥሩ ዋሻ ፈልፍለዋል። የአከራያችን ጎረቤት የሆኑ አዛውንት ፋኖስ ይዘው እየመሩን ገባን።

ዋሻው አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ጎንበስ ብለን ብዙ ከሄድን በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። መሪያችን ወደ አንዱ ታጠፉ። እኔ ከግድግዳው ተለጥፌ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ይቅደሙ።»

«የለም፣ አንተ ቅደም። ዓይንህ ደህና ነው።»

«ኧረ በማርያም! እኔ ከእርስዎ ፊት?»

«በሞቴ ቅደም!»

«ኧረ አይሆንም!»

ይህን ስንባባል ፋኖሱ ከዓይናችን ጠፋ። ጨለማው እጄን ከዓይኔ ፊት እንኳ አላሳይ አለኝ። ብንጣራ ድምፃችን አፈር ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ደረቴ ላይ ተራራ የተጫነ መሰለኝ፤ መሰለኝ አልኩ እንጂ በእርግጥም ከላያችን ተራራ ነበር። ፈራሁ። 

ጋሽ መኩሪያ እጅጌዬን ያዙ። «እኔ እኮ ሰኔ ከገባ ጀምሮ እዚህ ውስጥ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ብመለስ እኔን ይይዙኛል። ብቀር ደግሞ ልጆቼን ማን ይምርልኛል? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

እኔ ደግሞ የዚያን ጊዜ ተማሪ፣ ስብሰባ ላይ ተናግሬ የማልጠግብ! ፍርሃቴን ለመሸፈንም ይሆናል፣ አፌ ተከፈተ። «እርስዎ በንጹሕ ያገለገሉ ሰው ነዎት። ማን ይነካዎታል? ለውጡ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ይፈልጋል። ይቅደሙ፣ ጋሼ። እኔም ዲግሪዬን ይዤ በዓመቱ እከተልዎታለሁ።»

«ትከተለኛለህ?»

«በእግዚአብሔር ስም፣ እከተልዎታለሁ!»

እጅጌዬን ለቀቁ። ወዲያው ሽማግሌው ፋኖሳቸውን ይዘው እያጉረመረሙ ተመለሱ። ማን ይቅደም ሳይሉ ሁለታችንንም እጅ እጃችንን ይዘው እንደ ሕፃን አወጡን። ውጭ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ከብዙ ጊዜ በኋላ ራበኝ አሉ።

መስከረም ሳይጠባ ሄዱ። ኤርፖርት ስንሳሳም «በዓመቱ» አሉኝ፤ «በዓመቱ» አልኩ። በገቡ በሦስተኛው ሳምንት ታሰሩ። እኔ ዲግሪዬን ያዝኩ፤ ወሬውን ሰማሁ፤ ቀረሁ። ማንም ሰው ደግ አደረግህ እንጂ ከዳህ አላለኝም። ስምንት ዓመት ታስረው ተፈቱ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ከዓመታት በኋላ ባለቤታቸው ልጃቸውን ሊጠይቁ ሳን ሆዜ መጥተው አገኘኋቸው። አልወቀሱኝም። «ስንቅ ላደርስ በሄድኩ ቁጥር» አሉኝ፣ «'ያ ልጅ መጣ?' ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።»

ይህንን ለባለቤቴ እንኳ ደፍሬ አልነገርኳትም። እሑድ ዕለት በቁጣ እጄን ቆንጥጣ «ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ያሻውን ይበል። ከጋሽ መኩሪያ ወዲህ ማንንም ከፊቴ ወደማላውቀው ቤት አላስገባም። መጀመሪያ እኔ እገባለሁ፤ ውስጡን ዞር ዞር ብዬ አያለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ በሩን እይዛለሁ። ያን እሑድም በሩን ስይዝ ሽማግሌው ገና ደጅ ቆመው በመገረም ያዩኝ ነበር። «ይግቡ፣ አባቴ፤ ደህና ነው» አልኳቸው።