በእርጎ ኩባያ ያሳደግናቸው

ጄኔቫ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲሰበሰብ ስለ ልጆች ትምህርት መጠያየቁ አይቀርም። አንዷ «ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ጠበቃ»። እኔ ተራዬ ሲደርስ ነጠላዬን ማስተካከል እጀምራለሁ። የእኔ ልጅ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምታጠናው ሳላማንደር የሚባል፣ እንሽላሊት የሚመስል፣ ጥቁር ቆዳው ላይ ቢጫ የተረጨበት እርጥብ ፍጡር ነው። ከደርግ አስመልጬ ስዊዘርላንድ ድረስ ያመጣኋት ለዚህ ኖሯል።

ብቻዋን ጫካ እንዳትገባ ፈርቼ ጃንጥላ ይዤ እከተላት ነበር። ሥራዋ ድንጋይ እየገለጡ መፈለግ ነው። ስታገኝ በባዶ እጅ፣ ያውም በውኃ ብቻ በራሰ እጅ ትይዘዋለች። ሳሙና የነካው እጅ ቆዳውን ይጎዳዋል አለችኝ። ልጄን «እጅሽን በሳሙና ታጠቢ» እያልኩ ያሳደግኋት እኔው ነኝ። ከዚያ ጀርባውን ፎቶ ታነሳለች፤ የሁለት ሳላማንደር ነጠብጣብ አንድ ስለማይሆን በሌላ ጊዜ ስታገኘው ማንነቱን ታውቃለች። ለክታም መልሳ እዚያው ድንጋይ ሥር ታስገባዋለች። እኛ የመኖሪያ ፈቃድ ገና እየጠበቅን ነው፤ እሱ ፎቶው ተነስቶ፣ ያለ ካንቶኑ መንግሥት ፈቃድ ማንም እንዳይነካው በሕግ ታጥሮ ይኖራል።

ለመመረቂያዋ ሙከራ ከጅረቱ ጨቅላዎቹን በፈቃድ አወጣች። በአንገታቸው ግራና ቀኝ ላባ የመሰለ መተንፈሻ ያላቸው፣ ገና ከውኃ ያልወጡ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ማቀዝቀዣ ክፍል ተበላሽቶ ስለነበር ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን ያለው የቤታችን ምድር ቤት ውስጥ አስቀመጠቻቸው። አንድ ላይ ከሆኑ ሲርባቸው እግር ለእግር ይነካከሳሉና ለእያንዳንዱ የእርጎ ኩባያ ተሰጠው። እርጎውን የበላነው እኔና እሷ ነን። ውኃው እኩል፣ ቅዝቃዜው እኩል፣ ጨለማውም እኩል። ምግቡ ብቻ ይለያያል፤ ግማሾቹ በየቀኑ ትል ይበላሉ፣ ግማሾቹ አልፎ አልፎ ብቻ። የተራበው ቀድሞ ወደ የብስ ይወጣል ወይስ ይዘገያል? መመረቋ በዚህ ላይ ቆሟል።

ጊዜው የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። ቴሌቪዥኑ ማታ ማታ የአገሬን ሰው አጥንት ያሳያል። ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አስቁማ አሮጌ ልብስ ከሰጠችኝ በኋላ ምሳ በልቼ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ልብስ ላጥብ ምድር ቤት ስወርድ ደግሞ፣ በገዛ ልጄ እጅ፣ በጥናት የሚራቡ አሉ። ጥላዬን ሲያዩ አንገታቸውን ያቀናሉ። ሆዳቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል፤ አጠገባቸው ያለው ጠግቦ ተዘርግቷል። እኔ የተራበ እያየ መብላት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝ። የትሉን ማሰሮ ከፈትኩና በወረንጦ አጎረስኳቸው። በማግስቱም እንዲሁ።

ልጄ ስትመዝናቸው የተራቡት ወፍረው አገኘቻቸው። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሳትጠይቀኝ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ፌርዙሁን እኮ አበላሸሽብኝ» አለች። በጀርመንኛ ሙከራውን ማለቷ ነው።

«የተራበ ቤቱን ጥሎ እንደሚወጣ ለማወቅ ማስራብ ያስፈልጋል? እኔን ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

«ተሳስተሻል። ቀድሞ የሚወጣው የበላው ይመስለኛል። የተራበው ለመውጣትም አቅም ያጣል። እሱን ነበር ላረጋግጥ የፈለግሁት።»

እኛ ስንወጣ የምንሸጠው ወርቅ ነበረን። ቴሌቪዥኑ ላይ የማያቸው ሰዎች መሬት ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

ፕሮፌሰሯ አልተቆጡም፤ አላባበሏትም። እኔ ያጎረስኳቸው ሁሉ ከሙከራው ወጡ፣ ወደ ጅረታቸውም ተመለሱ። ጨቅላ ከጅረቱ ሳይጠፋ ከደረሰች እንደገና ትጀምር፤ ካልደረሰች ለሚቀጥለው ዓመት አሉ። በማግስቱ ጠዋት ባልዲውን የያዝኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ለእንሽላሊት ብዬ ስለት ስሳል ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደግነቱ አገኘን፤ ኩባያዎቹም ሞሉ።

ከዚያ ልጄ የምድር ቤቱን ቁልፍ ጠየቀችኝ። ልብስ የት ላጥብ አልኳት። ቁልፉን ተወችልኝ።

«ሁዳዴ ላይ ናቸው በያቸው። ማፍጠሪያ ሰዓታቸውን እኔ አውቃለሁ። የሰው ጾም ታስገድፊያለሽ?»

አላስገድፍም። ሳላማንደር ይጾማል ማለቴን የንስሐ አባቴ ባይሰሙ ይሻላል እንጂ፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ማሰሮውን አልነካሁም። የቸገረኝ ሌላ ነው፤ የጠገቡት በጿሚዎቹ ፊት ይበላሉ። መሀል ላይ ጨርቅ ልጋርድ አልኩ። ብርሃኑ እኩል መሆን አለበት ብላ ፕሮፌሰሯን ልትጠይቅ ሄደች። ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት «ነውር» የሚለውን በጀርመንኛ ብዙ ፈልጋ አላገኘችም። ለሁሉም ኩባያ እኩል ከሆነ ይጋረድ አሏት። አሮጌ አንሶላ ቀድጄ ለጠገበውም ለተራበውም መጋረጃ ሰፋሁ። እኛ እንኳ ያኔ የመስኮት መጋረጃ አልነበረንም።

ፋሲካ መጣ፤ እኛ ፈሰክን፣ እነሱ ቀጠሉ። የጠገቡት ላባቸውን ጥለው አንድ በአንድ ድንጋያቸው ላይ ወጡ። ጿሚዎቹ ውኃ ውስጥ ቀሩ፤ ልጄ እንዳለችው። እኔ ግን እያየሁ አልለመድኩትም። በጋው ሊያልቅ ሲል የመጨረሻው፣ ቀጭኑ፣ እየተንገዳገደ ወጣ። ልጄ መዘነችው፣ ለካችው፣ ከምድር ቤት ጠራችኝና ወረንጦውን እጄ ላይ አኖረች።

«በይ አስፈስኪው።»

ደጋግሜ አጎረስኩት። ሲጠግብ ፊቱን አዞረብኝ። ምስጋና አያውቅም፤ ስዊዘርላንድ የተወለደ ነው።