አባቴን ኤችዲ ያደረጉት ዕለት

ቆቦ ተወልጄ አድጌ፣ እዚያው አስተማሪ ሆኜ፣ ሰው በተሰበሰበበት ጮኼ አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ግን ፎቶ ቤት ውስጥ ጮህሁ። ባጃጅ የሚጠብቁ ሰዎች በሩ ላይ ተኮልኩለው እስኪያዩኝ ድረስ ጮህሁ። እስካሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የአባቴ ፎቶ ነው። አባቴ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። መታወቂያው ላይ ካለችው የደበዘዘች ጉርድ ፎቶ ሌላ የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ ማሽላ ሲታጨድ እኔ በስልኬ ያነሳሁት። ፀሐይዋ ዓይኑን ወግታው ግንባሩን ቋጥሯል። ልጅ ሳለ ከግመል ወድቆ ያተረፋት ጠባሳ ከቅንድቡ በላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ታሞ ሲያርፍ እናቴ የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር በአርባው ድንኳኑ ውስጥ ፎቶው ትልቅ ሆኖ እንዲሰቀል ነው። ትልቅ ያለችው ለታይታ አይደለም። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ለእሷ ጭጋግ ነው። «አንዴ በደንብ ልየው» ነው ያለችኝ።

ፎቶውን ለፎቶ ቤቱ ልኬ በሁለተኛው ቀን ባነሩን ልወስድ ሄድሁ። ባለቤቱ በኩራት ዘረጋልኝ። እግዚኦ! ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ ቀይ ክራቫት ያሰረ፣ ፊቱ እንደተላጠ እንቁላል የለሰለሰ ሰውዬ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ጠባሳ የለ፣ ሽበት የለ፣ ጠይም ፊቱ ቀልቷል። ከኋላው ፏፏቴ ይወርዳል። ራያ ላይ ፏፏቴ!

«ይሄ ማነው?» አልሁት።

«አባትሽ ናቸዋ ቲቸር! የላክሽልኝ ደብዛዛ ነበር፤ በአዲሱ አፕ ኤችዲ አደረግኋቸው። ሱፉን እኛው ነን ያለበስናቸው። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚወደው።»

«ሰው ሁሉ» ያለው እውነቱን ነው። በእኛ አገር ሟችን በኖረበት ልብስ መስቀል ነውር ከሆነ ቆይቷል። ዕድሜውን ሙሉ ሱፍ ገላው ላይ አርፎ የማያውቅ ገበሬ በአርባው ባለ ክራቫት ይሆናል፤ አንገቱ ከሰው ትከሻ ላይ ይተከላል። በሌላው ድንኳን ብዙ ጊዜ አይቼ ዝም ብያለሁ። በአባቴ ሲመጣ ግን ቱግ አልሁ።

«ፎቶ የነጥብ ስብስብ ነው!» ብዬ ጮህሁበት። «እያንዳንዷ ነጥብ ፒክሰል ትባላለች! ካሜራው ያላነሳት ነጥብ ከየት ትመጣለች? አፕህ አባቴን መች ያውቀዋል? ከማንም ፊት እየለቃቀመ ነው የሞላው! አጠራሁት ትለኛለህ እንዴ? ሌላ ሰው ነው የፈጠርህልኝ!»

ሰውዬው በትዕግሥት አዳመጠኝ። ትዕግሥቱ ይብስ አበሸቀኝ።

«እሺ ቲቸር፣ ጥፋቱ የእኔ ይሁን» አለ። «ኦሪጅናሉን አምጪና እንደገና ልሥራው።»

ኦሪጅናሉ የለም።

የማስተምረው አይሲቲ ነው። በየዓመቱ ጠመኔ ይዤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል እላለሁ፤ አንዱ አጨማመቅ ምንም አያጠፋም፣ ሌላው ዓይን አይለየውም ያለውን እየጣለ ያሳንሳል፣ የጣለው ደግሞ አይመለስም። ተማሪዎቹ ይሸመድዱታል፣ ለፈተና ይመልሱታል፣ እኔም ራይት አደርግላቸዋለሁ። እኔው አስተማሪያቸው ግን የስልኬ ሚሞሪ ሲሞላ «ወልድያ ላለው ወንድሜ ልኬለታለሁ፣ እሱ ጋ አለ» ብዬ የአባቴን ፎቶ አጠፋሁት። ያኔ በሕይወት ነበር፤ ሌላ አነሳዋለሁ ብዬ አስቤ ይሆናል። ስልክለት ተጨመቀ፤ ወንድሜ መልሶ ሲልክልኝ እንደገና ተጨመቀ። ፎቶ ቤቱ የደረሰው ትርፍራፊው ነው። የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። በሰውዬው ላይ የጮህሁት ጩኸት ግማሹ ለራሴ ነበር፤ እሱን ግን አልነገርሁትም።

«በቃ እንዳለ አትመው» አልሁት። «ሱፍም አልፈልግ፣ አፕም አልፈልግ። ያችኑ ትንሿን ዘርግተህ አትማት።»

«ካሬ ካሬ ሆና ነው የምትወጣው ቲቸር። ሰው በእኔ ይስቃል።»

«ይሳቅ!»

ከባነሩ ግርጌ የፎቶ ቤቱን ስምና ስልክ ቁጥር አጥፍቶ፣ ፊቱን አኮሳትሮ አተመልኝ።

የአርባው ዕለት ከሮቢትም ከዋጃም ዘመድ መጣ። የአባቴ እህት ባነሩ ሥር ቆማ «ኧረ ምን ነካችሁ፣ ወንድሜን ሰፌድ አስመሰላችሁት እኮ!» አለች። ሌሎቹም የተማረች ልጅ እያለችው እንዲህ ይደረጋል ወይ ብለው ተንሾካሾኩ። ሁሉንም ጠላኋቸው። የጠላኋቸው ልክ ስለሆኑ ነው። እኔም ቀርቤ ሳየው ቡናማና ቢጫ ካሬ እንጂ ሰው አላየሁም።

እናቴን እጇን ይዤ አስገባኋት። ገና ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ባነሩ ከወዲያኛው ጫፍ ነው የተሰቀለው።

«ውይ!» አለች። «እዩትማ፣ ፀሐይዋን ተቆጥቷት! ያቺ ጠባሳውም አለች! ምነው፣ እንዲህ ቁጭ ብሎልኝ የለም ወይ!»

ለምን እንደታያት አውቃለሁ። ከሩቅ ሲታይ፣ ዓይንም ሲደክም፣ ካሬዎቹ እርስ በርስ ይቀላቀሉና መልክ ይሆናሉ። ይህንንም አስተምራለሁ። ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደውም። ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ አባቴን ያየችው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ዳግመኛ እንዲህ ባለ ጭጋግ ውስጥ እንድታየው ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ብዙ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«አለሜ፣ ዋናው ስልክሽ ላይ አለ አይደል? በደህና ያዢው። ሞራዬን ሲገፍፉልኝ አጥርቼ አየዋለሁ።»

«አለ እማዬ» አልኋት።