የመጀመሪያው መንደር

ከዓረብ አገር ለሦስተኛ ጊዜ የተባረረውን ወንድሜን አበጀን ከንፋስ መውጫ መናኸሪያ ተቀብዬ ባጃጅ ውስጥ ገባን። ወዲያው ከሹፌሩ ስልክ አበጀ በልጅነቱ ይጫወተው የነበረው የጃፓኖች ጌም ዜማ ተሰማ።

"የጌሙ አዲሱ ክፍል ወጣ፤ ዓለም እየተሻማ ነው የሚገዛው!" አለን ሹፌሩ።

ልጅ ሳለን አበጀ ከጌም ቤት አይጠፋም ነበር። ጨዋታው ጀግናው ከመንደሩ ተነስቶ ባሕር የሚሻገርበት ነው። ጌም ቤቱ ግን የደረሱበትን የሚያስቀምጥ ሜሞሪ ካርድ ስላልነበረው መብራት በሄደ ቁጥር ከዚያው ከመጀመሪያው መንደር ይጀመር ነበር።

አንድ ከሰዓት ቄሱ አባታችን ሊገርፉት ዱላ ይዘው መጡ። እኔም ተከትያቸው ነበር። ልክ ስንገባ መብራት ሄደ፤ የጋለው ቴሌቪዥን ሽታ ብቻ ቀረ። አበጀ አለቀሰ።

"አባባ፣ ባሕሩ ጋ ልደርስ ነበር! አሁን እንደገና ከመጀመሪያው ነው።"

አባባ ዱላቸውን አወረዱ። በዚያ ሰሞን ገብሳቸውን በረዶ መትቶት ማሳውን ዳግም ሊያርሱ ነበር።

"እኔም የማውቀው ይኼንኑ ነው" አሉና አጠገቡ ቁጭ አሉ። ለምን እንዳልገረፉት ያኔ አልገባኝም።

"አንተ ጌሙን ጨርሰኸው ታውቃለህ?" ሹፌሩ ባጃጁን እየነዳ አበጀን ጠየቀው።

አበጀ ያለችውን አንዲት ፌስታል ጭኑ ላይ እንዳቀፈ፣ "ኧረ እኔ ከመንደሩም ወጥቼ አላውቅ" አለ።