የሐኪሙ ማስነሻ

አጎቴን ሰፈሩ በስሙ አያውቀውም፤ «ሐኪሙ» ነው የሚለው። በራሱ መነሣት ያቃተው ኮምፒውተር ሲመጣለት ማስነሻ ፍላሽ ይሰካበትና ነፍስ ይዘራበታል። ማስጠንቀቂያ ማንበብን ግን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። «ሁሉንም ካነበብኩማ መቼ ልሠራ ነው» ይላል።

ያን ቀን የሞተው የሚስቱ ኮምፒውተር ነበር። መምህርት ናት፤ ዓመታት የፈጀባት የልጆች መጽሐፍ እዚያ ውስጥ አለ። አጠገቡ ቆማ እጆቿን እያፋተገች፣ «እሱ ከጠፋ እኔም የለሁም» ትላለች።

«አይዞሽ የኔ እመቤት» አላት። የቆየው ማስነሻ አልሠራ ስላለው ከዕቃ መሳቢያው ሌላ ፍላሽ አውጥቶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ማዘጋጀት ጀመረ። ስክሪኑ «ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ልቀጥል?» ብሎ ሲጠይቀው እንደ ልማዱ ሳያነብ «አዎ» አለው።

የሚስቱ ኮምፒውተር በአዲሱ ማስነሻ ወዲያው ተነሣ። እፎይ አለች። መጽሐፉ ያለበት የውስጥ ዲስክ ግን አይታይም። ፈትቶ ገጠመው፣ ደግሞ ፈትቶ ገጠመው፤ ውሃ በልቶታል። አጎቴን ላብ አጠመቀው።

«ግዴለም» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን አለስልሶ። «ቅጂ አስቀምጪ ስልሽ አስቀምጠሻል አይደል?»

ፊቷ በራ። «ለካ አለ! አንተ ጋ ይሻላል ብዬ መሳቢያህ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ቀዩ ፍላሽ ላይ ነው።»

አጎቴ ክው አለ። እሷ እየተጣደፈች መሳቢያውን ስትከፍት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለውን ቀይ ፍላሽ በመዳፉ ሸፈነው።