እትዬ ቆይ እና ከወለል በታች ያለው ውሃ

እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የሥራ ፈቃዷ ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ፣ እኔ ፎቶ ኮፒ በማነሳበት ክፍል ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ጠረጴዛዋን አስጠግታ ከእንግሊዝኛ የምትተረጉመውን ሴት ሰው ሁሉ እትዬ ቆይ ይላታል። ሹም ይምጣ ደላላ፣ "ቶሎ በይልኝ" ያላት ሁሉ የሚያገኘው መልስ ያው አንድ ነው፤ "ቆይ"። እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ችኩል ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ስንሠራ በዚህች ቃል ምን ያህል እንደተቃጠልኩ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው።

ከየት እንዳመጣቻት የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው። ሥራ ስትጀምር እሷም እንደኔ እሳት ነበረች። አንድ ሾፌር የሐኪም ወረቀት አመጣላት። ሐኪሙ የጻፈው ሰውየው አንድ ቀን በሙቀት ራሱን ስቶ እንደነበረ ነው፤ እሷ ስትቸኩል "ራሱን የሚያስት በሽታ አለበት" ብላ ጻፈችና ማኅተሟን አሳረፈችበት። መንጃ ፈቃዱን ወሰዱበት። ስህተቷን ስታውቅ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች፤ ፋይሉ ተዘግቷል አሏት። ሰውየው ዛሬ ከመንገዱ ማዶ የመጋዘን ዘበኛ ነው። በየጠዋቱ ኮፍያውን አንስቶ ሰላም ይላታል።

"ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳችውም።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ ጠዋት የሕንፃ መሣሪያ ሻጩ መጣ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲናገር ቁልፉን የሚያቅጨለጭል ሰው ነው። በእጁ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ የሐኪም ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ የእናቱ ነው። እናቱን ሰፈሩ ሁሉ ልብስ ሰፊዋ ይላቸዋል፤ አርባ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍተዋል። ዓይናቸው ሲደክም መርፌው እጃቸውን እንዳይወጋቸው ብሎ ልጅየው የስፌት መኪናቸውን ወስዶ ሱቁ ጓዳ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ እናቱ ከቤቴ ወለል ሥር ውሃ ይፈሳል ማለት ጀመሩ። ጎረቤት ጠርተው ጆሯችሁን መሬት ላይ አድርጉ ይላሉ፤ ማንም ምንም አይሰማም። በመጨረሻ በስፌት መቀሳቸው ሦስት ሸክላ ከወለሉ ነቅለው ተገኙ።

"ሐሙስ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለኝ" አለ። "ሞግዚቷ እሆናለሁ፣ ቤቱን ቆልፌ እኔ ጋ አመጣታለሁ። አንድ ቀን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ብትሰበርስ? ሐኪሙ ጽፎልኛል፤ አንቺ እብደት ብለሽ ገልብጪልኝ።"

እትዬ ቆይ መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱን አንድ ጊዜ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። እኔ ማሽኔ ወረቀት ነክሶብኝ ጎኑን እየደበደብኩት ነበር።

"ቆይ" አለች። "እብደት የሚል የለም እዚህ።"

"ታዲያ ምን ይላል?"

"ዲሉዥን ይላል።"

"ያው አይደል!"

"ያው ቢሆን ያውን ይጽፈው ነበር። ረቡዕ ና።"

"ሌላ ተርጓሚ ዘንድ እሄዳለሁ!"

"ሂድ" አለችው፤ ወረቀቱንም አጣጥፋ መለሰችለት። በሩን ወርውሮት ወጣ። ማክሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሳያቅጨለጭል ተመለሰ፤ ለካስ ያኛው ተርጓሚ የሁለት ሳምንት ወረፋ አለው። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ እናትየው ራሳቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ። ቀጭን ናቸው፤ የጣታቸው ጫፍ በመርፌ ብዛት ደንድኗል። ወንበር ሰጠኋቸው። ልጃቸው ምን እንዳሰበ ነግሯቸዋል፤ አልዋሻቸውም፣ ይኼን ያህል አልከፋም። ከተፈረደለት ግን ከዚያ በኋላ በገዛ እጃቸው አንዲት ወረቀት መፈረም አይችሉም፤ አርባ ዓመት የሰፉበት ክፍልም ይቆለፋል።

"ልጄ" አሏት እትዬ ቆይን። "ተሳስታለች ብለሽ ጻፊልኝ። ሰው ይሳሳታል። ተሳሳትክ ተብሎ ቤቱን የተነጠቀ አላየሁም።"

ሲለምኑ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እትዬ ቆይ እጃቸውን ያዘች።

"እማማ፣ ሐኪሙ ተሳስታለች አላለም። ያላለውን አልጽፍም። ከእሱ የከፋም አልጽፍም።"

"እንግዲያ ያለውን ጻፊ" ብለው ተነሡ።

እሳቸው እንደወጡ ፈነዳሁ። "ምን አለበት ለአንዲት አሮጊት ብታዳዪ? አንድ ቃል አይደለም እንዴ!"

"ዛሬ ለእሳቸው ካዳላሁ ነገ ለልጁ የማላዳላው በምን ምክንያት ነው?" አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "አንዴ በአንድ ቃል ሰው መሪውን አጥቷል። ያንን ሰው በየጠዋቱ ነው የማየው።"

ማሽኑን በጥፊ አልኩት።

"አየህ፣ አንተ እሱ ማሽን ሲመታ ይሠራል ትላለህ" አለች፤ ሽፋኑ የተቀደደውን ወፍራም መዝገበ ቃላቷን እየገለጠች። "እንግሊዞቹ ለእንዲህ ያለው ብዙ ቃል አላቸው። አንተ ብቻህን በደንብ ሳታውቅ ስታስበው፣ የተሳሳተ ግንዛቤ ነው፤ ሚስኮንሴፕሽን ይሉታል። ኮፒ አንሺ ሁሉ ከአለቃው ሰምቶ እየተቀባበለ የሚያምነው ሲሆን ሚት ይሆናል። ሁለቱም የጤነኛ ሰው ነው። ዲሉዥን ግን ሌላ ነው። ጠጋኙ መጥቶ፣ ማሽኑን ፈትቶ፣ ጥፊህ አንዲት ብሎን እንዳልነካ በዓይንህ እያሳየህ፣ አንተ አሁንም አልለቅም ስትል ነው።"

"ታዲያ ሴትየዋ አልለቅም አሉ እኮ።"

"ማን ከፍቶ አሳያቸው?"

የራሷን ጥያቄ ደግማ የምታዳምጥ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ብዕሯን አነሣችና እስከ መዝጊያ ሰዓት ሦስት መስመር ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ፣ ስትጽፍ ቆየች። በመጨረሻ ያተመችው ይህን ነው፤ ኮፒውን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ታካሚዋ ከቤታቸው ወለል ሥር ውሃ ይፈሳል ብለው ያምናሉ። ይህ ዲሉዥን ነው።" ከሥሩ የተርጓሚ ማስታወሻ ብላ ጨመረች። "ዲሉዥን ማለት እውነት አለመሆኑ በማስረጃ ቢታይም ያመነው ሰው የማይለቀው ጽኑ የሐሰት እምነት ነው።"

ረቡዕ ልጅየው መጥቶ ሲያነብ ፊቱ ቀላ። "ይኼ ሁሉ ሐተታ ለምን? አንድ ቃል ነው የጠየቅኩሽ!"

"አንዱ ቃል ይኼን ሁሉ ተሸክሟል። ጭነቱን አራግፌ ባዶውን አልሰጥህም።"

ቀጠሮው በማግስቱ ነው፤ ምን አማራጭ አለው፣ ወሰደው።

ሐሙስ ፎቶ ኮፒዬን ቆልፌ እትዬ ቆይን ተከትዬ ችሎት ገባሁ። ሥራ የለህም ወይ ለሚለኝ፣ አለኝ፤ ግን አላስችል አለኝ። ዳኛዋ ወረቀቱን እያነበበች ማስታወሻው ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበትና እትዬ ቆይን አስነሥታ ትርጉሙን በቃሏ እንድትደግመው አደረገች። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች።

"ወለሉን ከፍቶ ያሳያቸው ሰው አለ?"

"ክብርት ዳኛ፣ የሌለ ነገር ለማሳየት ምን ያስቆፍረኛል?"

"ሐኪሙስ ቤቱን አይቷል?"

አላየም። የነገረው ልጁ ነው። ዳኛዋ በሳምንቱ ወለሉ ተከፍቶ እንዲታይ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊና ተርጓሚዋም እንዲገኙ አዘዘች። እኔን ማንም አላዘዘኝም፤ ሄድኩ።

ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነው። በመስኮቱ ሥር አራት የተፋቀ ምልክት ወለሉ ላይ ይታያል፤ የስፌት መኪናው እግሮች የቆሙበት ነው። ለቁፋሮው የተጠራው ግንበኛ ልብስ ሰፊዋ በጣታቸው ያመለከቱት ቦታ ላይ ሸክላውን አንሥቶ መቆፈር ጀመረ። እኔ ልቤ ውሃውን ይለምን ነበር። ጠብ ይበል፣ ይፍሰስ፣ ልጅየው ጫማው ይርጠብ አልኩ በሆዴ። ግንበኛው ክንዱን እስከ ብብቱ ሲያስገባ ያወጣው አፈር ደረቅ ነው። ወደ ጎን አሰፋው፤ ደረቅ ነው። በግድግዳው በኩልም ሞከረ፤ አቧራ ተነሥቶ አሳለን።

ልጅየው እጁን ዘረጋ። "ይኸው! አላልኩም?" ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም፣ ሐቁን ልናገር። ደክሞት ነበር።

እትዬ ቆይን አየኋት። አንቺ ማስታወሻሽን ባትጽፊ ኖሮ ይኼ አይመጣም ነበር ብዬ በልቤ ተቆጣኋት፤ እንዲያውም ጠላኋት። እሷ ግን የምታየው ጉድጓዱን አልነበረም፤ ልብስ ሰፊዋን ነበር።

እሳቸው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ዓይናቸው ስለማያደርሳቸው እጃቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው ታቹን ዳሰሱ፤ ጎኑንም። አፈሩን በጣቶቻቸው መሃል አሹት፣ ልክ የጨርቅ ጥራት እንደሚለይ ሰው። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ልጃቸው ሊያነሣቸው ሲጠጋ "ቆይ" ያለችው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልገኝም።

"ደረቅ ነው" አሉ ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻ። "ውሃ የለም። ተሳስቻለሁ፤ ዝጉት።"

ግንበኛው አካፋውን እንደያዘ ቀረ።

"ድምፁስ፣ እማማ?" አለቻቸው እትዬ ቆይ።

"ድምፁማ አሁንም አለ። ከመሬት ካልሆነ እንግዲህ ከራሴ ነው፤ ከጆሮዬ ይሆናል። መኪናዬ እያለ አልሰማውም ነበር። እሱ ሲሄድ ዝምታው መጣ፣ በዝምታው ውስጥ ይኼ መጣ።" አቧራውን ከጉልበታቸው አራገፉ። "ውሃ ነው ያልኩት ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው።"

ጸሐፊው ያሉትን አንድም ሳያስቀር ጻፈ።

በሚቀጥለው ችሎት ዳኛዋ ብዙ አልተናገረችም። ወረቀቱ ማስረጃ ቢታይም የማይለቁት እምነት ይላል፤ ማስረጃው ታየ፣ ሴትየዋ በገዛ እጃቸው ዳስሰው ለቀቁ፤ ስለዚህ ቃሉ እሳቸው ላይ አይቆምም አለች። ጆሯቸውን ይታከሙ። የሞግዚትነቱ ጥያቄ ተዘጋ። ልብስ ሰፊዋ ውሳኔው ደርሶኛል ብለው የፈረሙት ራሳቸው ናቸው፤ ፊርማቸው እንደ ስፌት ቀጥ ያለ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ልጅየው እትዬ ቆይን አገኛት። ይጮህባታል ብዬ መሃል ልገባ ስል አልጮኸም።

"ዳኛዋ የፈለገችውን ትበል። እናቴን እኔ አውቃታለሁ። አእምሮዋ ልክ አይደለም።"

"ሐኪም ጆሮ ነው ቢልህስ?"

"ሐኪም ምን ያውቃል!"

"ቅድም ሐኪሙ ነበር ማስረጃህ።"

ሰውየው ሊሄድ ዞረ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህና ልሂድ" አለች እትዬ ቆይ። "እሳቸው ደረቅ አፈር አይተው ለቀቁ። አንተ ምን ቢያሳዩህ ነው የምትለቀው?"

ሰውየው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ መለሰው። መልሱን ሳንሰማ ሄድን፤ የፎቶ ኮፒ ደንበኞቼ በር ላይ ተሰልፈው ይረግሙኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድ ወር አለፈ። ማሽኔ አሁንም ወረቀት ይነክሳል፤ ጠጋኙ ከፍቶ አሳይቶኛል፤ እኔ ግን አልፎ አልፎ በጥፊ እለዋለሁ፤ እትዬ ቆይም በመነጽሯ ላይ ታየኛለች። አንድ ጠዋት እሷ ፍርድ ቤት ሄዳ እኔ ብቻዬን ሳለሁ የሕንፃ መሣሪያ ሻጩ በሩ ላይ ቆመ። በትከሻው ከባድ ነገር ተሸክሟል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ጥቁር፣ አሮጌ፣ ዘይት የተቀባ የስፌት መኪና ነው።

"እትዬ ቆይ የለችም?"

"ትመጣለች። የሚተረጎም አለህ?"

"የለኝም።" ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። "ለእናቴ እየመለስኩላት ነው። ጥያቄሽን አልመለስኩም ግን መኪናውን መለስኩ በልልኝ።"

"አስቀምጠውና እረፍ እንጂ፣ ቆይ..." አልኩት፤ ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

"አልቆይም" አለ። "ዝም ያለ ቤት ውስጥ ነው ያለችው።"