አሥራ ሰባት ቁጥር

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የጀመረው። ክረምት ስለነበር ጎንደርን ጉም ውጧታል፤ የሆስፒታሉ በር የታየኝ አጠገቡ ስደርስ ብቻ ነው። የመጣሁት ለመታከም አልነበረም። የምማረው አሠራርን በሒሳብ የሚያጠናውን ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ነው፤ የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ወረፋ ስለሆነ፣ ካርድ ክፍል ፊት ተቀምጬ ሰው ስንት ሰዓት እንደመጣና ስንት ሰዓት እንደተስተናገደ ልመዘግብ ነው። ርእሱን የመረጥሁት ሰው ማናገር ስለማይጠይቅ ነበር።

መታከምስ ነበረብኝ። ከአንገቴ በስተግራ፣ ከሻርፔ ሥር፣ ባቄላ የምታህል እብጠት ከወጣች ሦስት ወር ሆኗታል። አክስቴ የሞተችው እንዲሁ ጀምሯት ነው። እናቴ ከዳባት በየቀኑ እየደወለች "አሳየሽው?" ትለኛለች። "ልመረቅና" እላታለሁ።

በሩ ላይ ጥበቃው፣ ወፍራም ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ፣ ማኅተም ያለበት ብጣሽ የወረፋ ወረቀት ዘረጉልኝ።

"እንቺ ልጄ፣ ቶሎ ግቢ።"

በሽተኛ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። ከኋላዬ ሰው ይጋፋል፤ አፈርሁና ተቀበልሁ። አሥራ ሰባት ይላል።

ከአግዳሚው ወንበር ጥግ ተቀመጥሁ። በመስኮቱ የሚጠራው ሰው ከዚያ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ በኮሪደሩ ይመጣል። አሥራ ስድስት ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ "አሥራ ሰባት" አለ ድምፁ። ሦስት ጊዜ ጠራ። ልጅ ሳለሁ እናቴ፣ በጉም ቀን ስም እየጠራ ሰው የሚወስድ አለ፣ ጠሪውን ሳታዪ አቤት እንዳትዪ ትለኝ ነበር። ዝም አልሁ። መዝገቤ ላይ፣ "17፤ የመጣበት 1፡15፤ ሲጠራ የለም" ብዬ ጻፍሁ።

ማክሰኞም አሥራ ሰባት ደረሰኝ። ሰዓት አክባሪ ስለሆንሁ በዚያችው ደቂቃ ነው የደረስሁት፤ የሚያስገርም አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ረቡዕ ግን ወረቀቱን ሳልገልጠው አወቅሁት። ያን ዕለት ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ሲጠፋ፣ ሚስቱን ከማክሰኝት ይዞ የመጣ አንድ ሰው አጠገቡ ወዳለው ዞረ።

"አሥራ ሰባት የት ገባ?"

"ድኖ ይሆናል።"

"ምነው፣ ቁጥሩ መድኃኒት ሆነ እንዴ?"

"እንግዲያ ሞቶ ይሆናላ።"

"ኧረ ዝም በል፣ ሰው ይሰማል" አለች ሚስትዮዋ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እጄ ግን ሻርፔን ጨብጦ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ለአማካሪ መምህሬ አሳየሁ። በእስክርቢቷቸው አንዱን መስመር ነካ ነካ አደረጉ።

"ይሄ አሥራ ሰባት ሦስቱንም ቀን የለም?"

"አዎ፣ ተጠርቶ አይገኝም።"

"መቼም ሰልችቶት ወረፋውን ጥሎ የሚሄድ አይጠፋም፤ በሒሳቡም ቦታ አለው። ግን የወጣበትን ሰዓት አልጻፍሽም።"

"አልወጣም።"

"ታዲያ እዚያው ነዋ?" ቀና ብለው አዩኝ። "ሳይወጣም ሳይስተናገድም የሚኖር ሰው ካለ ስሌትሽ አይዘጋም። ወይ አውጪው፣ ወይ አስተናግጂው።"

ሐሙስ ቁጥሩን ለማምለጥ ብዬ ሆን ብዬ አረፈድሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ ጉሙ አልተነሣም፤ ጥበቃው ከሰባ በላይ ያሉትን ቁጥሮች እያደሉ ነበር። ሲያዩኝ ከእጃቸው ያለውን ተዉና ከካፖርታቸው ኪስ ሌላ ብጣሽ አወጡ።

"ቀረሽ ብዬ ሰግቼ ነበር። ያንቺን አስቀምጬልሻለሁ።"

አሥራ ሰባት።

"አያ፣ ለምን ለሌላ አልሰጡትም?"

"ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠሩት እሰማለሁ፤ አንቺም ይዘሽው አንገትሽን እየዳበስሽ ስትቀመጪ አያለሁ። የሰው ተራ እንዴት ለሌላ እሰጣለሁ?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዛሬም ጠርተውሻል። አልፎሻል፤ ነገ ነይ።"

እዚያ ሳልኖርም ተጠርቻለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ከጉሙ ውስጥ እርምጃ የሰማሁ እየመሰለኝ ደጋግሜ ዞርሁ፤ ማንም አልነበረም። እናቴ ደወለች።

"አሳየሽው?"

"ነገ" አልሁ።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ጥበቃው ወረቀቱን ሰጡኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። አሥራ ስድስት ሄዶ ካርዱን ይዞ ተመለሰ። ድምፁ ሲጠራ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሁለተኛም ጠራ። በሦስተኛው፣ ጠሪውን ሳላይ፣ "አቤት" ብዬ ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከመስኮቱ ጀርባ የነበረው ጉንፋን የያዘው ወጣት ነው። ቀና ሳይል "ስም?" አለኝ፤ ነገርሁት። ካርዴን ተቀብዬ ሐኪሙ በር ላይ ስቀመጥ መዝገቤን ከፈትሁና ከአሥራ ሰባት ፊት፣ "የተስተናገደችበት 2፡40" ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ሻርፔን ፈታሁ።