ወደ ኋላ መውረድ

የመርከብ ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር የጉልበት ቅባት ይሸተኛል። ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ላይ ምን ባሕር አለና አትበሉኝ፤ የእኛ ወደብ ቴሌቪዥናችን ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዴንቨር ኤርፖርት ዊልቸር ገፊ ነበረች። ቅዳሜ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ፣ ፍሎሪዳ ወደብ ላይ የተተከለው ካሜራ መርከቦቹን በቀጥታ የሚያሳይበትን ቻናል እከፍትላት ነበር።

ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ለመርከብ ቅርጽ ሟች። የቱ ፊቱ ሹል እንደሆነ፣ የቱ ጭስ ማውጫውን ከመሃል፣ የቱ ከኋላ እንዳደረገ አወዳድር ነበር። ሳድግ በመርከብ እንደምወስዳት ቃል ስለገባሁላት፣ መራጯ እሷ ነበረች።

«ያ ነጩ ይሻላል። ይሄኛው የእኛን አፓርትመንት ነው የሚመስለው» እላለሁ።

እሷ ከመርከቡ ወደ መሬት ከሚዘረጋው ድልድይ በቀር የምታየው ነገር አልነበረም። «የነጩማ ገደል ነው። ወደ ኋላ ዞረው ካላወረዱት ሰውየው ከነዊልቸሩ ይደፋል።»

«ማሚ፣ ሪላክስ አድርጊ! ቆንጆ መርከብ ምረጪ ነው ያልኩሽ።»

የሥራ አመል መስሎኝ እስቅባት ነበር። ይህን ሁሉ የምትለኝ ጉልበቷን ቅባት እያሸች ነው። በራሷ እግር የምትገባበትን መርከብ ስትፈልግ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ቃሌን የፈጸምኩት እሷ ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። ኤርፖርቱ በር ላይ ዊልቸር ጠየቅኩላት፤ ይዛ የመጣችው አብራት ትሠራ የነበረች ልጅ ሆነች።

«እንዴ! እርስዎም ተራዎ ደረሰ?»

«ደረሰ፣ ምን ይደረግ» አለች እናቴ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ከመርከቡ የወረድን ዕለት ድልድዩ እሷ እንደምትፈራው ቁልቁለት ነበር።

«አዙረኝ» አለችኝ ከተቀመጠችበት ዊልቸር ላይ።

አዞርኳትና እጀታውን ይዤ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መውረድ ጀመርኩ። ፊቷ ወደ መርከቡ ነበር። ድልድይ ድልድይ ስትል የኖረች ሴት፣ ያን ቀን አንገቷን ቀና አድርጋ እስከ ላይ አየችው።

«ጭስ ማውጫው ለካ ያምራል» አለች። «አየኸው?»

«አየሁት፣ ማሚ።»

አላየሁትም። እግሬን የት እንደማሳርፍ እያየሁ ነበር።